ዘይነብ የምትባል ሴት እዚህ መጽሐፍ ውስጥ የለችም

እትዬ ሉባባ ማረፏን የነገረችኝ ልጇ ሰሚራ ናት። ማክሰኞ ጠዋት መኪና እየነዳሁ ኮል አደረገችልኝና በእንግሊዝኛ ጀመረች፤ መሐል ላይ ቆም አለችና፣ "በአማርኛ እንዴት ነው የሚባለው?" ብላ ጠየቀችኝ።

"አረፈች ነው የሚባለው፣ የኔ ልጅ።"

"እሺ። እማዬ አረፈች" አለች። መኪናዬን ዳር አስይዤ ብዙ ቆየሁ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተቀበረች። በማግስቱ የምሠራበት፣ በየቤቱ አስታማሚ የሚልከው የሆም ኬር ኤጀንሲ ኦፊስ ገብቼ ሉባባ መሞቷን ስናገር፣ ሺፍት የምታወጣዋ ልጅ ግንባሯን ቋጥራ ትንሽ አሰበችና፣ "ኦ! ያቺ ለዓይነ ስውሩ ሽማግሌ መጽሐፍ እየቀየረች ታነብ የነበረችው?" አለችኝ። ክፉ ልጅ አይደለችም። እሷ ሳትቀጠር የሆነውን ነገር ሌሎች ሲያወሩ ሰምታ ነው። ግን ደሴ ላይ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረች፣ ባሏን ቀብራ ልጇን ብቻዋን ያሳደገች ሴት እዚህ ከተማ የቀራት ወሬ ይሄ ብቻ ከሆነ፣ የሆነውን የማውቀው እኔ አፌን ዘግቼ መቀመጥ የለብኝም። ከዚህ በፊት አንዴ ዘግቼ አይቼዋለሁ።

አሜሪካ፣ ኮለምበስ እንደመጣሁ በተመዘገብኩበት የአስታማሚነት ሥልጠና ላይ ነው የተዋወቅነው። ትንፋሹ የቆመ ሰው እንዴት እንደሚረዳ የምንለማመድበት የፕላስቲክ አሻንጉሊት ነበር። እኛ አፍረን በሁለት ጣት ስንነካው፣ አንዲት አጭር፣ ወፈር ያለች፣ ሻሽ ያሰረች ሴትዮ ተንበርክካ ደረቱን በሁለት እጇ እየደቃች፣ "ተነስ እንጂ አንተ ሰነፍ! ሚስትህ ምሳ ሠርታ እየጠበቀችህ!" እያለች በአማርኛ ትጮኽበት ጀመር። ቋንቋው የገባን እኔና አንድ ልጅ ብቻ ነበርን፤ ክፍሉ ግን በሙሉ ሳቀ። አስተማሪዋም ሳቀች።

በዕለቱ "እርስዎ" ስላት፣ "እትዬ በይኝ፣ እሱ ይሁን። እርስዎ ግን ተይኝ፤ እርስዎ ሲሉኝ ጉልበቴን ያመኛል" አለችኝ። ከዚያ በኋላ እትዬ ሉባባ፣ አንቺ፣ እያልኩ ኖርኩ።

እኔ ጴንጤ ነኝ። አዲስ አበባ ሳለን ሙስሊም ጎረቤት ነበረን፤ በዓላቸው ሲደርስ የሚልኩትን ምግብ እናቴ አመስግና ትቀበልና ለሠራተኛዋ ትሰጥ ነበር። ይሄ ክፉ ነገር መሆኑ አንድ ቀን እንኳ ታስቦኝ አያውቅም። እትዬ ሉባባ በሥልጠናው ሳምንት የምስር ሳንቡሳዋን ለሁለት ከፍላ ስትሰጠኝ፣ እጄ ለአፍታ አየር ላይ ቆመ። አይታዋለች። ምንም አላለችኝም፤ "ሥጋ የለውም፣ ብይ" ብቻ አለችኝ።

ሥልጠናውን ስንጨርስ ያው ኤጀንሲ ሁለታችንንም ቀጠረን፣ ዕድሜ ለኤጀንሲው አንድ ቤትም ላከን። ዋይንላንድ ፓርክ የሚባል ሰፈር ውስጥ ያለ የጡብ ቤት ነበር፤ ባለቤቱ ፕሮፌሰር ዋልተር ይባላሉ። ዕድሜ ልካቸውን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአውሮፓ ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምሩ ኖረው ዓይናቸው የጠፋ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው ሞታለች። ልጃቸው ኤለን ከከተማው ወጣ ብሎ ሉዊስ ሴንተር የሚባል ቦታ ነው የምትኖረው፣ ጨዋ፣ ሥራ የሚበዛባት ሴት። መጻሕፍቱ ከሳሎን ተነስተው በደረጃው ጥግ ለጥግ እስከ ላይኛው ፎቅ ይወጡ ነበር። ሽማግሌው ከምግቡም ከመድኃኒቱም በላይ የሚፈልጉት የሚያነብላቸው ሰው ነበር፤ በተለይ አዳዲሶቹን፣ አውሮፓ ውስጥ ሽልማት ያገኙትንና ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎሙትን ልብ ወለዶች። በወር አንድ አርብ ከሰዓት የድሮ ባልደረቦቻቸው ቤታቸው ይሰበሰቡና በአንዱ መጽሐፍ ላይ ይወያያሉ።

ከሰኞ እስከ ሐሙስ የእትዬ ሉባባ ሺፍት ነበር። አርብ ጁምዓ ስላላት እኔ እገባ ነበር። እኔ ሳነብ ሽማግሌው በትዕግሥት ያዳምጡኛል። እሷ ስታነብ ግን ሌላ ነው። ማይክ ሳትይዝ ለስልሳ ተማሪ ታነብ የነበረች ሴት ለአንድ ሰው ስታነብ ቤቱ ይሞላል። ሽማግሌው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ነበር የሚሰሟት። ደግሞ ይከራከራሉ። አንድ ምዕራፍ ባነበበች ቁጥር ግማሽ ሰዓት ክርክር አለ። ደስ ይላቸው ነበር።

እኔ ደግሞ የክርክሩን ትራፊ በስልክ አገኛለሁ። ስትናደድ ለማወቅ ማየት አያስፈልግም፤ መነጽሯን አውልቃ በሻሿ ጫፍ ስትወለውለው ድምፁ በስልክ ይሰማል።

"አንቺ ልጅ፣ አንዱ መጽሐፍ ላይ አንድ ሙስሊም ታክሲ ነጂ አለ" ትለኛለች። "ጢም አለው። ከጢሙ በስተቀር ምንም የለው። እናት የለው፣ የጥርስ ሕመም የለው፣ የሚወደው ወጥ የለው። ጢም ብቻ! ሌላው ላይ አንዲት ልጅ አለች፤ ከአባቷ ቤት ሸሽታ ፀጉሯን ስትገልጥ መጽሐፉ አለቀ። የት አደረች? ምን በላች? ጸሐፊው ግድ የለውም። ፀጉሯን አየ፣ በቃው። ሦስተኛው ደግሞ አዝኖልናል። ጀልባ ላይ ነን፣ እርጥብ ነን፣ እንንቀጠቀጣለን። ማዘኑን አመሰግናለሁ። ከባሕር ወጥተን ልብሳችን ሲደርቅ ግን ምን እንደምንሆን አያውቅም።"

"እትዬ ሉባባ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው" አልኳት አንድ ቀን።

"ልብ ወለድ ነው? ታዲያ እኔ ሱፐርማርኬት ስገባ የማላውቃቸው ሰዎች ከየት ነው የሚያውቁኝ?"

የእኛንም ደራሲዎች አትምርም ነበር። "በአማርኛውስ? ሙስሊሙ ጥግ ላይ ሱቅ ያለው ሰውዬ ነው፤ ስኳር ሸጦ ይወጣል። ጴንጤዋ አንቺስ? ወይ ታለቅሻለሽ ወይ ታጭበረብሪያለሽ። ሰው ቀኑን ሙሉ ካልሳቀ ወይ ታሟል፣ ወይ ሌላ ሰው ጽፎታል" ትላለች።

አንድ አርብ፣ ከእሷ የተረከብኩትን መጽሐፍ ምልክቱ ካለበት ከፍቼ ልጀምር ስል ፕሮፌሰሩ፣ "እስቲ ዘይነብ ዛሬ ምን ታደርግ ይሆን?" አሉ። ደስ ብሏቸው፣ ልክ ስለ ጎረቤት እንደሚጠይቅ ሰው። ገጹን አየሁ። ዘይነብ የለችም። ወደኋላ ገለጥኩ፤ የለችም። ወደፊት ገለጥኩ። የለችም። "ይሄ ምዕራፍ ስለ ዶክተሩ ነው" ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

በዚያው ዕለት እትዬ ሉባባ የምሳ ዕቃዋን ረስታ ስለነበር ከጁምዓ በኋላ ብቅ አለች። ኩሽና አስገብቼ በሩን ዘጋሁ።

"ዘይነብ ማን ናት?"

መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመና መነጽሯን አወለቀች።

"መጽሐፉን አንብቢው" አለችኝ። "አንድ የወደብ ከተማ ነው። ዶክተሩና ሚስቱ ሁለተኛ ፎቅ ይኖራሉ፤ ከላያቸው ሙስሊም ቤተሰብ አለ። እናትየዋ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው 'የተሸፋፈነችው ሴትዮ' ናት። አራት መቶ ገጽ! የአምስት ልጆች እናት! አንድ ቃል አትናገርም። ግድግዳ ለግድግዳ ታልፋለች፣ ታልፋለች፣ ከዚያ ልጇ ሰው ይገድላል። የዶክተሩ ውሻ ስም አለው። ብሩኖ ይባላል። ውሻው ስም አለው፣ እሷ የላትም! እንዴት ብዬ ላንብበው? አፌ እምቢ አለኝ። ስም ሰጠኋት። በእናቴ ስም ጠራኋት፣ ዘይነብ።"

"ስም ብቻ ነው?"

"ስም የሰጠሽው ሰው መናገር ይጀምራላ" አለች፣ ዓይኗን ሰበር አድርጋ። "በቀን ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው የጨመርኩት። ባሏ ሲያንኮራፋ ትስቅበታለች። አንድ ቀን ሽንኩርቷ ደረጃው ላይ ይበተንባታል፣ የዶክተሩ ሚስት ትለቅምላታለች፣ ሁለቱም ይስቃሉ። ይኸው ነው። ልጁን አልነካሁትም፤ ገዳዩ ገዳይ ነው። እኔ የምለው፣ እናቱ ሰው ትሁን ነው።"

"ሰውየው ዓይናቸው አያይም፣ እትዬ ሉባባ። ማታለል ነው ይሄ።"

መነጽሯን በሻሿ ጫፍ ወለወለች። "አውቃለሁ" አለች በመጨረሻ። "ጥፋት ነው። ባልደረቦቻቸው ከመምጣታቸው በፊት ራሴ እነግራቸዋለሁ። ስለ ዘይነብ ሲያወሩ ፊታቸው ይበራል፣ እሱ ነው እንጂ ያቃተኝ… እነግራቸዋለሁ።"

አልነገረቻቸውም። ሰኞ ልነግራቸው ነው አለችኝ፤ ሰኞ ጉንፋን ይዟቸው ነበር። ማክሰኞ፣ ረቡዕ እያለች ቀኑ ደረሰ። እኔም ማወቄን ይዤ ዝም አልኩ።

ያን አርብ ሰዎቹ መጡ። ስድስት ሰባት ቢሆኑ ነው፤ ሁሉም ሽበታም፣ ሁሉም ትሑት። ኤለንም ኬክ ይዛ ከሉዊስ ሴንተር መጥታ ነበር። እትዬ ሉባባ መስጊድ ናት። እኔ ሻይ እቀዳለሁ።

ፕሮፌሰሩ ጥግ ወንበራቸው ላይ ቀና ብለው፣ "እኔን ከሁሉም የነካኝ ደረጃው ላይ ያለው ነው፤ ዘይነብ ሽንኩርቷ ሲበተንባት። ጸሐፊው በአንድ ከረጢት ሽንኩርት ሁለት ሴቶችን አስተዋወቀ" አሉ።

አንዱ እንግዳ፣ "ዋልተር፣ ዘይነብ ማን ናት?" አለ።

"እናትየዋ ናታ! የላይኛው ፎቅ።"

"እናትየዋ ስም የላትም።"

"የትኛውን መጽሐፍ ነው ያነበባችሁት?" ብለው ሳቁ። ብቻቸውን ነበር የሳቁት። እንግዳው ከጉልበቱ ላይ የራሱን ቅጂ አንስቶ ገለጠ፤ ጎኑ ያለችውም የራሷን ገለጠች። ቤቱ ውስጥ የወረቀት ድምፅ ብቻ ይሰማል። በመጨረሻ ሰውየው ቀስ ብሎ፣ እንደማዘን እያለ፣ "ዘይነብ የምትባል ሴት እዚህ መጽሐፍ ውስጥ የለችም" አላቸው።

የፕሮፌሰሩ ፊት በገዛ ቤቱ ደረጃ ላይ የወደቀ ሰው ፊት ሆነ። ይሄን አልክድም። ያን ቀን የተጎዱት እሳቸው ነበሩ፣ የጎዳቻቸውም እሷ ናት።

ኤለን ወደ እኔ ዞረች። ሁሉም ዞሩ። "አንቺ ነሽ ያነበብሽላቸው?"

"እኔ አይደለሁም" አልኩ። "ሌላዋ ናት።"

ሌላዋ! ሁለት ዓመት ምሳ የተካፈልኳትን ሴት። ስሟ ሦስት ፊደል ነው፤ ከአፌ አልወጣም። በየእሑዱ ለልጆች የጴጥሮስን ክህደት የማስተምረው እኔ ነኝ።

ሰኞ ኤጀንሲው ሁለታችንንም ጠራን። ኤለን የጻፈችው ሪፖርት ጠረጴዛው ላይ ነበር። ቅጂውን በኋላ እትዬ ሉባባ ሰጥታኝ ዛሬም አለኝ። "ሙስሊሟ ሠራተኛ" ይላታል ከላይ እስከ ታች። ዓይኑ የማያይን አረጋዊ በሃይማኖት ስብከት አእምሮውን ለመለወጥ ሞክራለች ይላል። ሌላ ምን እንዳደረገች ስለማናውቅ መድኃኒቶቹም ይመርመሩ ይላል። መድኃኒቶቹ! በየቀኑ በሰዓቱ እየሰጠች፣ ሐኪሙ ያላየውን የእግራቸውን እብጠት መጀመሪያ ያየችው እሷ ሆና ሳለ! ተመረመሩ። አንዲት ፍሬ አልጎደለችም፣ አልተረፈችም። ስለዚህ ማንም ይቅርታ አልጠየቃትም።

እሷን የመታት ግን ሌላ መስመር ነበር። ሪፖርቱን ጮክ ብላ፣ በዚያ በአስተማሪ ድምፅዋ፣ ለኤጀንሲው ማናጀር አነበበችላት። "ሠራተኛዋ ዝምተኛና ስሜቷ ከፊቷ የማይነበብ በመሆኗ፣ ቤተሰቡ ምን እንደምታስብ ማወቅ አልቻለም።" ወረቀቱን አስቀመጠች።

"ዝምተኛ?" አለች በእንግሊዝኛ። "እኔ? ለኤለን ስለ ባሌ፣ ስለ ልጄ፣ ስለ ጨጓራዬ ያልነገርኳት ነገር አለ? የልጇን ሠርግ ፎቶ አብረን አይተን አልቅሰናል። ይሄ እኔ አይደለሁም። ይሄ ከመጽሐፉ ነው የመጣው።"

ማናጀሯ ወረቀት አዘጋጅታለች፤ ሠራተኛዋ ያልተፈቀደ ሃይማኖታዊ ይዘት ለታካሚ ማቅረቧን አምናለች፣ ተጸጽታለች የሚል። ከፈረመች ሌላ ቤት ይመድቧታል።

"መጽሐፍ ላይ ቃል ጨምሬያለሁ። ፕሮፌሰሩን አታልያለሁ። እሱን ጻፊው፣ አሁኑኑ እፈርማለሁ" አለች እትዬ ሉባባ። "ሃይማኖታዊ ይዘት ያልሽውን ግን አሳዪኝ። አንዲት ሴት ባሏ ሲያንኮራፋ መሳቋ ሃይማኖት ነው? ሽንኩርት ሃይማኖት ነው?"

"ፖሊሲው…"

"ሽንኩርቱ የቱ ጋ ነው ሃይማኖት የሆነው?"

ማናጀሯ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺስ ስለዚህ ነገር ታውቂ ነበር?"

"አላውቅም" አልኩ።

እትዬ ሉባባ ቀና ብላ አላየችኝም። 'ኩሽና ውስጥ ነግሬሻለሁ' ማለት ትችል ነበር፤ አንድ ቃል ብትናገር እኔም አብሬያት እባረር ነበር። እስክሪብቶውን ወደ ማናጀሯ መልሳ ገፋችውና ተነሳች። የእሷ ሺፍት ለእኔ ተሰጠኝ። ከሰኞ እስከ አርብ፣ ሙሉ ጊዜ። ደመወዜ ጨመረ። ይሄንንም ልናገረው።

ፕሮፌሰሩ ስሟን አታንሱብኝ አሉ። አንድ ሳምንት ያህል ምንም አላስነበቡኝም። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ "ያን መጽሐፍ አምጪው። ከመጀመሪያው ጀምሪ። አንዲት ነጠላ ሰረዝ እንዳትጨምሪ" አሉኝ።

አነበብኩ። ብዙ ቀን ፈጀ። ሽንኩርቱ ይበተናል ብለው የጠበቁበት ቦታ ስንደርስ፣ ገጹ ላይ ያለው አንድ መስመር ነበር፤ የተሸፋፈነችው ሴትዮ ግድግዳውን ታክካ አለፈች።

"ድገሚው።"

ደገምኩት።

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

በማግስቱ ቁርሳቸውን እየበሉ፣ "መብት አልነበራትም" አሉ። ማንኪያቸውን አስቀመጡ። "መብት አልነበራትም። የት ነው ያለችው?"

ግሮቭ ሲቲ፣ የዕቃ መጋዘን፣ ዌርሃውስ፣ ሥራ ገብታ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቆማ ካርቶን ታሽጋለች፣ በዚያ ዕድሜዋ። ኤለን አባቷን እንዳታገኝ ከልክላታለች፤ እሳቸውን ግን ማንም አልከለከላቸውም። ደወልኩላት። "ምሳ ሰዓቴ ሰላሳ ደቂቃ ነው። ከመጡ ውጭ አግዳሚ ወንበር አለ" አለችኝ። መኪናዬ ውስጥ አስገብቼ ወሰድኳቸው።

ትላልቆቹ የጭነት መኪኖች ከኋላችን ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ቢጫ ሰደርያ ለብሳ፣ ሻሿን ከአንገቷ ሥር ሸጉጣ እየሮጠች መጣች። ክንዳቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው፤ እጇ ከሥራው ብዛት ተሰነጣጥቆ ነበር።

"መብት አልነበረሽም" አሏት ገና ከመቀመጧ።

"አልነበረኝም። በዓይንዎ ምትክ አመኑኝ፣ እኔ ዋሸሁዎት። አፉ ይበሉኝ" አለቻቸው። "አፉ" የምትለዋን በአማርኛ ነው ያለችው፤ ከዚያ ትርጉሙን ነገረቻቸው።

"ይቅር ብያለሁ።"

"መጽሐፉን ግን ይቅርታ አልጠይቀውም።"

ፕሮፌሰሩ ፈገግ አሉ። "ባልደረቦቼ የእናትየዋ ዝምታ ሆን ተብሎ ነው ይላሉ። ጸሐፊው እኛ እንደማናያት ሊያሳየን ፈልጎ ነው ይላሉ። እኔም ለተማሪዎቼ እንዲህ ነበር የምለው።"

መነጽሯን አወለቀች። "ሆን ብሎ ከሆነማ ይባስ! ረስቷት ቢሆን ሰው ነው፣ ይረሳል እል ነበር። አለማየታችንን ለማሳየት አራት መቶ ገጽ እሷን አለማየት ያስፈልጋል? ውሻውን አይቶት የለም እንዴ? ጌታዬ፣ ያን መጽሐፍ ያነበቡ ደግ ሰዎች ቤትዎ ተቀምጠው ሻይ ጠጡ። ከእነሱ አንድ እንኳ፣ 'ይቺን ሠራተኛ ጠርተን ለምን እንዲህ እንዳደረገች እንጠይቃት' ያለ አለ? ሩቅ አልነበርኩም እኮ፣ ከመስጊድ እስክመለስ አንድ ሰዓት ነው!"

የለም። ማንም አላለም። ፕሮፌሰሩ አንገታቸውን ደፉ። "ልጄን ለማስረዳት ሞከርኩ። አልቻልኩም።"

"ልጅዎ ናት። በእኔ ምክንያት አይጣሏት።"

ሰዓቷን አየች፤ ምሳዋን አልነካችም። ሽማግሌው ድንገት፣ "ዘይነብ መጨረሻዋ ምን ይሆናል?" አሏት።

"የእሱዋ ወይስ የእኔዋ?"

"ያንቺዋ።"

እትዬ ሉባባ የጭነት መኪኖቹን እያየች አሰበች። "ልጇ ያደረገውን ትረግማለች" አለች። "ለሞቱት ታለቅሳለች፣ ለእሱም ታለቅሳለች፤ በአንድ ዓይን። ሰው ሁሉ እሷን ያያታል። ልታስረዳ ትሞክራለች፣ ማንም አይሰማትም። ከዚያ በኋላም፣ ጌታዬ፣ ሽንኩርት መግዛት አለባት። አራት ልጆች ይቀሯታል። በዚያው ደረጃ ወርዳ፣ በእነዚያው ሰዎች መሐል አልፋ፣ ሽንኩርት ገዝታ ትመለሳለች። እኔ ብጽፈው የምጽፈው እሱን ነበር።"

ደወል ተደወለ። ተነስታ ሮጠች።

ፕሮፌሰሩ በእኔ እጅ አስጽፈው ለኤጀንሲው ደብዳቤ ላኩ፤ ይቅር ብያታለሁ፣ ትመለስልኝ የሚል። ደብዳቤው ፋይል ውስጥ ገባ። መልስ አልመጣም። በዓመቱ ኤለን እሷ ዘንድ ሉዊስ ሴንተር አቅራቢያ ወዳለ የአረጋውያን ቤት ወሰደቻቸው፤ እዚያ ሞቱ። መጽሐፉ ዛሬም በየመደብሩ አለ። የተሸፋፈነችው ሴትዮ ዛሬም ግድግዳውን ታክካ ታልፋለች።

እትዬ ሉባባ ዌርሃውሱ ውስጥ አራት ዓመት ሠራች፤ ሕመሙ ሆዷን ይዞ እስኪጥላት ድረስ። ያን ጊዜ ሁሉ ጓደኛዬ ነበረች። በዓል ስንጠራራ፣ ሰሚራን ትምህርት ቤት ሳደርስላት፣ አንድ ቀን እንኳ ያን ነገር አላነሳችውም። እኔም አላነሳሁትም። ባለፈው የበጋ ወር አንድ ከሰዓት ልጠይቃት ሄድኩ። ሶፋው ላይ ጋደም ብላለች፤ ያ ሁሉ ውፍረት ሄዶ ትንሽ ሆናለች። ቃሉ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

"እትዬ ሉባባ፣ ያን አርብ ሰዎቹ ሲጠይቁኝ 'ሌላዋ ናት' አልኩ። ስምሽን አልጠራሁም። ኦፊስም ዋሸሁ።"

"አውቃለሁ" አለች። "ኦፊሱንማ በጆሮዬ ሰማሁት። 'ሌላዋ' ያልሽውን ደግሞ ኤለን ሪፖርቷ ላይ ጽፋዋለች።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?"

"አንቺ እስክትናገሪ ነዋ።" ክርኗን ተደግፋ ቀና አለች። "አሁን እውነቱን ንገሪኝ። ያን ጊዜ ፈርተሽ ነው ወይስ አምነሻቸው?"

ፈርቼ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ፍርሃት ይቅር ይባላል፤ ሥራዬን ፈራሁ ብል ማን ይፈርድብኛል? ግን ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነበር።

"ሁለቱም" አልኳት። "ስለ መድኃኒቱ ሲያነሱ ለአንድ አፍታ… 'አድርጋው ይሆን?' ብዬ አስቤ ነበር።"

ሁለት ዓመት ከእጇ የበላሁ እኔ። እነዚያን መጻሕፍት አንድም አንብቤ ሳልጨርስ፣ ለካ በውስጤ ተጽፈው አልቀዋል።

እትዬ ሉባባ ብዙ አየችኝ። ፊቷ ላይ ሕመም አለፈ፣ የሆዷ ይሁን እኔ ያመጣሁባት አላውቅም። ከዚያ፣ "እንዲህ በይ እንጂ" አለች። "አፉ ብዬሻለሁ። በይ አሁን የአስር ሶላት ደርሷል፣ ልሰግድ ነው። ቆሜ መታጠብ አልችልም፤ ሰሚራም የለች። ውሃ አምጪና አስታጥቢኝ።"

ሳፋና ጆግ ይዤ መጣሁ። ውዱእ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ እጅ፣ አፍ፣ አፍንጫ፣ ፊት እያለች ታዘኝ ጀመር። ክርኗ ላይ ስደርስ ጆጉ አመለጠኝና ግማሹ ውሃ ደረቷ ላይ ተገለበጠ።

"ኧረ ቀስ በይ!" ብላ ጮኸች። "ውዱእ ነው ያልኩሽ፣ ጥምቀት አይደለም!"

ሆዷን ይዛ ሳቀች። እያመማት ሳቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጬ፣ ጆጉን በሁለት እጄ ይዤ፣ እግሯን በቀስታ አጠብኩላት።